ብዕሩና አውራ ጣቴ

ልጄ የምትተኛው ግራ ክንዴ ላይ ነው። አልጋዋ ላይ ሳስተኛት ትነቃለች። ክንዴ ላይ ሲሆን ግን ጭልጥ ትላለች። ስለዚህ ላለፉት ሁለት ዓመታት ማታ ማታ የምሠራውን ሁሉ የምሠራው በቀኝ እጄ ብቻ ነው። መልእክት እመልሳለሁ፣ ዜና አነባለሁ፣ የሥራ ኢሜይሌን አያለሁ፤ ሁሉም በአንድ እጅ።

አንድ ማታ ስክሪኑ ላይኛው ጥግ ላይ ያለችውን የመመለሻ ቀስት ለመንካት አውራ ጣቴን ስዘረጋ ስልኩ ከመዳፌ ሾለከ። መጀመሪያ ጉልበቴን መታው። ቀጥሎ ወለሉ ላይ በፊቱ ተደፋ። ልጄ አልነቃችም። ስልኩን ሳነሳው ግን ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ያ ስልክ ትልቅ ነበር። ስገዛው የወደድኩትም ትልቅነቱን ነው። በእጄ ይዤ አልሞከርኩትም። የስክሪኑን ስፋት በቁጥር አነበብኩና ወሰድኩት። ደግሞም አፕዴት መቀበል ካቆመ ቆይቷል። አንዳንድ አፖች ከእንግዲህ በዚህ ስልክ ላይ እንደማይሠሩ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ማውጣት ጀምረው ነበር። ባይሰበርም ዕድሜው ብዙ አልነበረም።

ስለዚህ አዲስ ስልክ ያስፈልገኝ ነበር። በዚህኛው ዙር ግን ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለኝን ልግዛ ብዬ ቆረጥኩ። ፍላግሺፕ የሚሏቸውን ማለቴ ነው። አንድ አምራች በዓመቱ ውስጥ የደረሰበትን ምርጥ ነገር ሁሉ የሚያስገባበት ዋናው ስልክ ማለት ነው። ብዙ አየሁ፣ ብዙ አነበብኩ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ። አንዱ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ25 አልትራ ነው። ሌላው ጉግል ፒክስል 9 ፕሮ።

እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዱን መተው ነበረብኝ። ለመተው ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለታናሽ ወንድሜ ነው። ስለ ስልክ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። የሁለቱን ስም ገና ስጠራለት አቋረጠኝ።

"ይኼማ ምን ያከራክራል? ካሜራው አንዱ 200 ሜጋፒክስል፣ አንዱ 50። ባትሪው አንዱ 5000 ሚሊአምፒር፣ አንዱ 4700። ኧረ ቁጥሩን እይው!"

ቁጥሩን አየሁት። እውነት ነው፣ ወረቀት ላይ የሳምሰንጉ በሁሉም ነገር ይበልጣል ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን 200 እና 50 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ከዓይኔ አልጠፉም። አራት እጥፍ ልዩነት ቀላል አይደለም። አራት እጥፍ የተሻለ ፎቶ ማለት ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ይዤ ሁለት ማታ አነበብኩ። ያገኘሁት መልስ በጣም ስላስደሰተኝ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። አንድ ሚሊዮን ነጥብ አንድ ሜጋፒክስል ይባላል። የኤስ25 አልትራ ዋና ካሜራ 200 ሚሊዮን ነጥብ አለው፣ የፒክስል 9 ፕሮ ደግሞ 50 ሚሊዮን። እዚህ ድረስ ወንድሜ ልክ ነው።

አሁን የሴንሰሮቹን መጠን እንይ። የሳምሰንጉ 1/1.3 ኢንች ተብሎ ይጻፋል። የፒክስሉ 1/1.31 ኢንች። በዓይን የሚለይ ልዩነት የላቸውም። ብርሃን የሚያርፍበት ሜዳ እኩል ነው ማለት ነው። በእኩል ሜዳ ላይ አራት እጥፍ ነጥብ ከደረደርክ እያንዳንዷ ነጥብ የግድ ታንሳለች። የሳምሰንጉ አንዷ ነጥብ ስፋቷ 0.6 ማይክሮሜትር ነው፣ የፒክስሉ 1.2። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ነጥቧ ባነሰች ቁጥር የምትቀበለው ብርሃን ያንሳል። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

መሐንዲሶቹ ይህን ስለሚያውቁ ነጥቦቹን በቡድን በቡድን አድርገው እንደ አንድ ትልቅ ነጥብ ይጠቀሙባቸዋል። ሳምሰንጉ አራት በአራት፣ ማለትም 16 ነጥቦችን አንድ ያደርጋል። ፒክስሉ ሁለት በሁለት፣ ማለትም 4 ነጥቦችን። አሁን አብረን እናባዛ። 0.6 በአራት፣ 2.4። 1.2 በሁለት፣ 2.4። አሁን ደግሞ እናካፍል። 200 ለ16፣ 12.5። 50 ለ4፣ 12.5።

ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሁለቱ ስልኮች በተለምዶ አወጣጣቸው የሚያወጡት ፎቶ መጠኑ አንድ ነው። ፎቶውን የሚሠራው ነጥብም ስፋቱ አንድ ነው። የ200ው ቁጥር ውሸት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ በሙሉ 200 ሜጋፒክስል አንስታችሁ ከፎቶው ትንሿን ክፍል ቆርጣችሁ ብታወጡ ጥቅሙን ታያላችሁ። እኔ ግን ፎቶ የማነሳው ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ የምትሮጥ ልጅ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ትልቁ ቁጥር ይሟሟል።

ለወንድሜ መልሼ ደወልኩለትና ሒሳቡን አነበብኩለት። ዝም አለ። ቀጥሎ "እሺ፣ ይዘሻቸው እይ" አለኝ። ጥሩ ምክር ነበር። የመጀመሪያውን ስልኬን ስገዛ ማንም ያልመከረኝ ምክር።

የሥራ ባልደረባዬ ኤስ25 አልትራ አለው። የባሌ እህት ፒክስል 9 ፕሮ አላት። ሁለቱም ለአምስት አምስት ቀን የራሳቸውን ትተው በአሮጌ ስልክ እየተንቀሳቀሱ አዋሱኝ። ስልኩን አምስት ቀን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? ይህን ውለታቸውን አልረሳውም።

ከስልኮቹ ጎን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። ስልኩን ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር ሦስት ነገር እጽፋለሁ። ሰዓቱን፣ ለምን እንዳወጣሁት፣ በስንት እጅ እንደያዝኩት። ሦስተኛውን የጨመርኩት ያ የወደቀው ስልክ ስለቆጨኝ ነው። ያኔ ጥቅሙ ብዙም አልታየኝም ነበር።

በአምስቱ የመጀመሪያ ቀናት የሳምሰንጉ ነበር በእጄ ላይ። እዚህ ጋ ስለ ብዕሩ ካልተናገርኩ አልሆነም።

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው የጻፈውን አነባለሁ፣ አጎድላለሁ፣ እጨምራለሁ። ኤስ25 አልትራ ሥሩ ላይ፣ በስተግራ ጥግ በኩል ብዕር ተሰክቶበታል። ጫፉን ጫን ስትሉት ብቅ ይላል። ስክሪኑ ጠፍቶ እያለ ብዕሩን ካወጣችሁ ስልኩን መክፈት ሳያስፈልግ ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንደ ሰሌዳ መጻፍ ትችላላችሁ። የመጀመሪያ ቀን አንድ የአሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ከፈትኩበት። ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁትና ማረም ጀመርኩ። የተደገመች ቃል ከበብኩ። አንድ አንቀጽ በቀስት ወደ ላይ አወጣሁ። ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ምልክት የቀረበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ አኖርኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አራቱም ያሰብኩበት ቦታ ላይ በትክክል ተቀመጡ። ወረቀት ላይ ያለሁ መሰለኝ። ከመላው ስልክ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ያሰኘኝ ነገር የለም።

እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጓሁ። ብዕሩ ለመጻፍ ባትሪ አያስፈልገውም። ከስክሪኑ ሥር ስስ ንጣፍ አለ፤ እሱ ደካማ ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ይፈጥራል። ብዕሩ ውስጥ ያለችው የሽቦ ጥቅልል ከመስኩ ኃይል ትቀበልና መልሳ ምልክት ትሰጣለች። ስልኩ ከዚያች ምልክት የብዕሩን ጫፍ ቦታ ያውቃል፤ ገና ስክሪኑን ሳይነካ እንኳ ያውቃል። ምን ያህል ጫን እንዳላችሁም ይለካል፤ 4096 ደረጃ አለው። ቴክኖሎጂው ዋኮም ከሚባለው፣ ለሠዓሊዎች የዲጂታል መሣያ ሰሌዳ ከሚሠራው የጃፓን ኩባንያ የመጣ ነው። በቀደሙት የአልትራ ስልኮች ብዕሩ ብሉቱዝም ነበረው፤ ከርቀት ፎቶ ማንሻ ሆኖ ያገለግል ነበር። በኤስ25 አልትራ ያ ቀርቷል። እኔ አልጎደለኝም። የምፈልገው መጻፉን ነው።

ስለዚህ ብዕር ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። ብዕሩ የተጀመረው ጋላክሲ ኖት በሚባለው ስልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011። ያ ስልክ ሲወጣ ሰው ሁሉ ስለ ትልቅነቱ ነበር የሚያወራው። "ይኼ ስልክ ነው ወይስ ታብሌት?" ይባል ነበር። የስክሪኑ ስፋት ስንት ነበር? 5.3 ኢንች። ዛሬ እኔ "ትንሹ" የምለው ፒክስል 9 ፕሮ 6.3 ኢንች ነው። ኤስ25 አልትራ 6.9። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስልኩ አደገ። የሰው እጅ ግን ያኔ የነበረው ነው።

ስለ ሳምሰንጉ ስክሪንም አንድ ነገር ልበል። መስታወቱ ነጸብራቅ የሚቀንስ ነው፤ ጎሪላ አርመር 2 ይባላል። ደጅ ላይ ፀሐይ ከጀርባዬ ሆና ሳነብ ፊቴን ሳይሆን ጽሑፉን ነው ያየሁት። ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አምስተኛው ቀን ሲያልቅ ልቤ ሳምሰንጉ ጋ ነበር። የፒክስሉን ሙከራ ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር። ግን ቃል ገብቻለሁ፣ ስልኩንም ተውሻለሁ።

ፒክስሉን መጀመሪያ ያወጣሁት እናቴን ፎቶ ለማንሳት ነው። እናቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ልጄን አቅፋ ነበር። እናቴ ጠቆር ያለች ጠይም ናት። ልጄ ቀይ ዳማ ናት። ብርሃኑ በአንድ ወገን ነው የሚመጣው፤ ሌላው ወገን ጥላ ነው። ለማንኛውም ካሜራ ከባድ ፈተና ነው። ለአንዷ ፊት ብርሃኑን ካስተካከለ የሌላዋ ይበላሻል። ሳምሰንጉ ገና በእጄ እያለ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አንስቼው ነበር። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኳቸው።

ሁለቱም ጥሩ ፎቶዎች ናቸው። የሳምሰንጉ ጥላውን ከፍቶታል። የእናቴ ፊት በርቷል፣ የሻርፗ ቀለም ደምቋል፣ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል። የፒክስሉ ጥላውን እንዳለ ትቶታል። በዓይኗ ሥር ያለው መስመር፣ በጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ፣ የቆዳዋ ቀለም፣ መስኮቱ አጠገብ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ይመስላል። ሁለቱንም ለእናቴ አሳየኋት።

"ይኼኛው" አለች የሳምሰንጉን እየጠቆመች። "ወጣት አስመስሎኛል።"

እኔ ሌላኛውን ነው የወደድኩት። እሷም ልክ ናት፣ እኔም ልክ ነኝ። ፎቶው የእሷ ፊት ስለሆነ የእሷ ምርጫ ሊበልጥ ይገባል ብዬ አስቤያለሁ። ግን ያንን ፎቶ ከዓመታት በኋላ አውጥቼ የማየው እኔ ነኝ።

ጠቆር ያለ ፊት በካሜራ የማይወጣው ለምን እንደሆነ ድሮም ይከነክነኝ ነበር። ልጅ ሆኜ በተነሳሁት የክፍል ፎቶ ላይ ጥርሴና ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው። ፎቶግራፍ አንሺው ነው ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር፤ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ነበር የሚያድለው። የዚያች ሴት ቆዳ ከተስተካከለ ማሽኑ ተስተካክሏል ይባላል። ጠቆር ያለ ቆዳ መለኪያው ውስጥ አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት የኖረ ልማድ ደግሞ ፊልም ሲቀር አብሮ አይቀርም። ዲጂታል ካሜራም የሰው ፊት ምን እንደሚመስል የተማረው በአብዛኛው ከነጣ ፊት ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ፒክስል 6ን ሲያወጣ ሪል ቶን የሚባል ሥራ ይዞ መጣ። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች ፎቶ በብዛት ሰብስበው፣ ከፎቶግራፍ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ካሜራውን አስተማሩት። በ2022 ደግሞ የሐርቫርዱ የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን አሥር ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ መጠቀም ጀመሩ። ይህ ከሜጋፒክስል ቁጥር በላይ ለእኔ ትርጉም አለው። አንድ ሰው ተቀምጦ "ይህ ፊት በትክክል ይወጣል ወይ?" ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። የእናቴን ፎቶ ሳይ ያ ጥያቄ መጠየቁ ታየኝ።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው፤ ለእኔ ብዙ አልመዘነምና። ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ያበቃል፤ ኤስ25 አልትራን የሚያንቀሳቅሰው ስናፕድራጎን 8 ኤሊት የሚባለው ቺፕ ከፒክስሉ ቴንሰር ጂ4 በጉልበት በጣም ይቀድማል። የቴንሰር ጂ4 ቺፕ የተመረተው በራሱ በሳምሰንግ ፋብሪካ መሆኑን ስታውቁ ግን ፉክክሩ ሰው እንደሚያወራው እንዳልሆነ ይገባችኋል። በራም፣ ማለትም ስልኩ ሲሠራ ለጊዜው በሚጠቀምበት ማኅደረ ትውስታ፣ ፒክስሉ ይበልጣል፣ 16 ጊጋባይት ለ12። በቻርጅ ፍጥነት ሳምሰንጉ ይበልጣል፣ 45 ዋት ለ27። እኔ ማታ ሰክቼ ጠዋት ነው የምነቅለው፤ የሁለቱም ባትሪ ቀኔን አድርሶልኛል። ኤአይ የሚባለውን ሁለቱም ሞልተውታል፣ ጀሚናይ የሚባለው የጉግል ረዳት በሁለቱም አለ። ሳምሰንጉን በገመድ ከትልቅ ስክሪን ጋር ብታገናኙት ዴክስ በሚባለው በኩል እንደ ኮምፒውተር ይሆናል። ያ ቆንጆ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ሞከርኩት፣ አልደገምኩትም።

አፕዴት ላይ ግን ልቁም። የድሮው ስልኬ የተወኝ በዚህ ነውና።

ጉግል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ፒክስል 8ን ሲያወጣ የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገባ። ሳምሰንግ ሦስት ወር ቆይቶ፣ በጥር 2024፣ በኤስ24 ስልኮቹ ተከተለ። ፉክክር ለገዢው ሲጠቅም እንዲህ ነው። ፒክስል 9 ፕሮ እስከ ነሐሴ 2031 አፕዴት ያገኛል። ኤስ25 አልትራ እስከ 2032 መጀመሪያ። ይህን ቁጥር ሳነብ ሳላስበው ልጄን አየኋት። ዛሬ ሁለት ዓመቷ ነው። ይህ ስልክ አፕዴት ሲያቆም ስምንት ዓመት አልፏት ይሆናል። ታነባለች። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ራሱ።

ሰባት ዓመት ሲባል ባትሪውን መርሳት የለብንም። ሊትየም አዮን ባትሪ በሞላና በጎደለ ቁጥር አቅሙ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው ለሚወጡ ስልኮች ባወጣው ደንብ ባትሪው 800 ጊዜ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙ ሊቀረው ይገባል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ለሚሞላ ሰው 800 ጊዜ ከሁለት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። እና ስልኩን ሰባት ዓመት ለማቆየት ያሰበ ሰው ባትሪውን አንዴ ወይም ሁለቴ እንደሚያስቀይር ከአሁኑ ይወቅ። ሁለቱም ስልኮች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አላቸው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፍቼዋለሁ።

አሥሩ ቀን አለቀ። ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ደብተሩን ከፈትኩ።

ደብተሩን ሳነበው ያላሰብኩትን ነገር አገኘሁ። ቀን ቀን ሥራ ቦታ ስሆን ስልኬን ብዙም አላወጣውም። ኮምፒውተር ፊቴ አለ። ብዕሩን የተጠቀምኩባቸውን ሰዓታት ፈለግኳቸው። ሁሉም ቀን ላይ ናቸው፣ ጠረጴዛ ላይ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ገጽ ሳይ "አንድ እጅ" የሚል ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አንድ እጅ፣ መልእክት። አንድ እጅ፣ ንባብ። አንድ እጅ፣ ፎቶ። አንድ እጅ፣ የእናቴ ስልክ ጥሪ። ስልኬን ካወጣሁባቸው ጊዜያት ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ እንደዚህ ናቸው።

ብዕሩ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንዱ ስልኩን ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል። ጠረጴዛ ካለ ጠረጴዛው አንዱን እጅ ይተካል። ማታ ግን ጠረጴዛ የለኝም። ግራ እጄም ሥራ ላይ ነው።

የሳምሰንጉን አምስት ምሽቶች መለስ ብዬ አነበብኳቸው። ሦስቱ ላይ ከጎን በኩል ትንሽ ነገር ጽፌያለሁ። "ስልኩን ደረቴ ላይ አስደግፌ።" "ስልኩን ትራሱ ላይ።" "ልጅቷን አስተኝቼ መለስኩ፣ ነቃች።" ያኔ ስጽፈው ልብ አላልኩትም። የስልኩ ጥፋት አይደለም። 162.8 ሚሊሜትር ቁመት፣ 77.6 ሚሊሜትር ወርድ፣ 218 ግራም ክብደት አለው፤ ይህን ሁሉ ማንም አልደበቀኝም። ፒክስል 9 ፕሮ 152.8 በ72 ነው፣ 199 ግራም። ልዩነቱ ወርዱ ላይ 5.6 ሚሊሜትር ነው። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ያንሳል። ደብተሬ ላይ ግን ከሜጋፒክስሉም ከቺፑም የበለጠ የሚታየው ይህ ልዩነት ነው።

ለወንድሜ ነገርኩት።

"ሳምሰንጉ እኮ የአንድ እጅ አጠቃቀም አለው" አለኝ። "ስክሪኑን ያሳንስልሻል።"

አውቃለሁ። ፒክስሉም የራሱ ዓይነት አለው። የሳምሰንጉን ሞክሬዋለሁ። ግን ትልቅ ስክሪን ገዝቼ በየምሽቱ አሳንሼ ከያዝኩት የገዛሁት ለማን ነው? ይህን ስለው ትንሽ አሰበና "ካሜራውስ?" አለ። ለብዙ ሰው ወሳኙ ነጥብ ይህ ይመስለኛል። እስከ ፒክስል 8 ድረስ ሙሉውን የፕሮ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ትልቁን ስልክ መያዝ ነበረበት። ከፒክስል 9 ጀምሮ ትንሹ ፕሮ እና ትልቁ ፕሮ ኤክስኤል አንድ ዓይነት ካሜራ ነው ያላቸው። አምስት እጥፍ የሚያቀርበው ካሜራ ትንሹም ላይ አለ። ትንሽ እጅ ያለው ሰው፣ ወይም አንድ እጁ የተያዘበት ሰው፣ ያነሰ ካሜራ ይገባዋል ብሎ የሚቀጣው የለም። እንዲህ ዓይነት ስልክ የሚሠሩ ሁሉ ይህን ቢያደርጉ ምኞቴ ነው።

ፒክስሉን ገዛሁ።

ሳምሰንጉን ለባልደረባዬ ስመልስለት ብዕሩን ለመጨረሻ ጊዜ አወጣሁትና በጥቁሩ ስክሪን ላይ "አመሰግናለሁ" ብዬ ጻፍኩለት። መልሼ ሰካሁት። ጠቅ አለ። ያቺን ድምፅ ወድጃት ነበር። ባልደረባዬ ጽሑፉን አየና ፈገግ አለ። "ረጅም ጽሑፍ ሲመጣብሽ ነይና ተዋሺኝ" አለኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ተውሼዋለሁ።

አሁን ማታ ነው። ልጄ ግራ ክንዴ ላይ ናት። አንድ ደራሲ የላከልኝን ጽሑፍ እያነበብኩ ነው። ገጽ አራት ላይ ዓረፍተ ነገሩ አልቆ አራት ነጥቡ ቀርቷል። ቀለበት ጣቴ ሳላዘው ወደ ስልኩ የታችኛው ጥግ ሄዶ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ብዕሩን ፍለጋ። እዚያ ምንም የለም። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ጥጉ ላይ ያለችውን ቀስት ነካኋት፣ ገጹ ተመለሰ። ስልኩ ከመዳፌ አልተንቀሳቀሰም። ልጄ አንድ ጊዜ ተነፈሰችና ፊቷን ወደ ደረቴ አዞረች።